ሕመም ቀለለ ማለት ጡንቻ አገገመ ማለት አይደለም፦ ስለ ፎም ሮለር ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በምሠራበት ጂም ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የሰነበተ አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደረሰ። ጸሐፊው ክብደት ለሚያነሱ ሰዎች ስለ ፎም ሮለር፣ ማለትም መሬት ላይ አስቀምጠው ጭንን፣ ባትን ወይም ጀርባን እያንከባለሉ ስለሚያሹበት ጠንካራ የስፖንጅ ጥቅል፣ በሰፊው ያትታሉ። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ሮለር ከልምምድ በኋላ በጡንቻ ውስጥ የተጠራቀመውን ላክቲክ አሲድ ጨምቆ ያወጣል፤ በጡንቻ ሽፋን ላይ የተፈጠሩ ቋጠሮዎችን ይፈታል፤ ካላመመ አልሠራም ማለት ነውና ስፖንጁን መግዛት ያልቻለ ሰው የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ ቢጠቀም እንዲያውም ይሻለዋል፤ የጭንን ውጫዊ ጎን ማሸት የጉልበት ሕመምን ይፈውሳል፤ በየቀኑ ሮለር የሚጠቀም ሰው ያንኑ ጡንቻ በየቀኑ ቢያሠራው አይጎዳም፤ ደግሞም ይህ ሁሉ ወጌሾቻችን ከጥንት ጀምሮ ሲያውቁት የኖሩት ነገር ነው።

ጽሑፉ በቅን ልቦና እንደ ተጻፈ አልጠራጠርም፤ ጥቂት ትክክለኛ ነገሮችም አሉበት፤ ቦታቸው ሲደርስ እጠቅሳቸዋለሁ። እኔም ራሴ ሮለር አለኝ፣ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ እጠቀምበታለሁ፤ ስለዚህ ክርክሬ ከዕቃው ጋር አይደለም። ጸሐፊው ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን፣ የሕመም ስሜት መቅለልንና የጡንቻ ማገገምን፣ እንደ አንድ ነገር ቆጥረው ጽፈዋል። ሮለር የመጀመሪያውን በመጠኑና ለአጭር ጊዜ ያደርጋል፤ ሁለተኛውን ስለ ማድረጉ እስካሁን የተገኘው ማስረጃ ግን በጣም ቀጭን ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ ከመካከላቸው የሚወጡት ምክሮች አንዳንዶቹ ምንም የማይጎዱ፣ አንዳንዶቹ ግን ጭን የሚያበልዙ ናቸው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከላክቲክ አሲዱ ልጀምር፤ የጽሑፉ ግማሽ ክርክር የቆመው በእርሱ ላይ ነውና። ጸሐፊው በማግስቱ የሚሰማን ሕመም ከጡንቻ ሳይወጣ የቀረ ላክቲክ አሲድ እንደሆነና ሮለሩ እንደ እርጥብ ጨርቅ ጨምቆ እንደሚያወጣው ጽፈዋል። ይህ አነጋገር በየጂሙ የሚሰማ ስለሆነ እርሳቸውን ለይቶ መውቀስ አይገባም፤ ይሁን እንጂ የጊዜው ስሌት ራሱ አያስኬድም። በከባድ ልምምድ ወቅት ጡንቻ ስኳርን በፍጥነት ሲሰባብር በደም ውስጥ ያለው ላክቴት (ላክቲክ አሲድ በሰውነት ውስጥ የሚገኝበት መልክ) ይጨምራል፤ ልምምዱ ሲቆም ግን፣ ሰውየው ሮለር ላይ ተንከባለለም አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አለም፣ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል። ደግሞም ላክቴት ተጨምቆ የሚጣል ቆሻሻ አይደለም፤ ልብና ሌሎች ጡንቻዎች እንደ ነዳጅ ይጠቀሙበታል፣ ጉበትም መልሶ ወደ ስኳርነት ይለውጠዋል። እኛ «ሰውነቴ ተሳሰረ» የምንለው ሕመም በበኩሉ የሚጀምረው ከልምምዱ ብዙ ሰዓታት በኋላ ሲሆን፣ የሚበረታውም ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ሰኞ ማታ ስኳት (ክብደት ተሸክሞ ቁጢጥ እያሉ የመነሣት ልምምድ) የሠራ ሰው ረቡዕ ጠዋት ከአልጋው ለመነሣት ሲያቃስት፣ በወንጀሉ የተከሰሰው ላክቴት ሰኞ ዕለት ራት ሳይቀርብ ከአካባቢው ወጥቷል።

ይህን ነገር በቀጥታ የፈተነ ሙከራ በ1983 ታትሟል። በመሮጫ ማሽን ላይ በደልዳላ ሲሮጡ የተሳታፊዎቹ ላክቴት ከፍ አለ፤ በማግስቱ ግን ይህ ነው የሚባል ሕመም አልተሰማቸውም። ቁልቁል ሲሮጡ ደግሞ ላክቴታቸው ይህን ያህል አልጨመረም፤ በቀጣዮቹ ቀናት ግን ጡንቻቸው ታመመ። ወደ እንጦጦ በእግሩ ወጥቶ የወረደ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ለማመን ማሽን አያስፈልገውም። ሲወጣ አፉን ከፍቶ ያለከልካል፣ ደረቱ ይቃጠላል፤ ሲወርድ እያወራና እየሳቀ ነው። በማግስቱ የፊት ጭኑን ጨምድዶ የሚይዘው ግን ያ ምንም ያልደከመበት ቁልቁለት ነው።

ምክንያቱ ጡንቻ ሸክም እንደ ያዘ በሚለጠጥበት ጊዜ የሚደርስበት ጫና ነው። ስኳት ሲወርዱ፣ ዳምቤሉን ከትከሻ ወደ ጭን በዝግታ ሲመልሱ፣ ቁልቁለት ላይ በእያንዳንዱ እርምጃ ሰውነትን ሲገቱ፣ ጡንቻው ለማጠር እየታገለ ይረዝማል፤ በዚህ ጊዜ በጡንቻ ክሮች ውስጥ ጥቃቅን መሰንጠቆች ይፈጠራሉ፤ ከዚያ ብግነት ይከተላል፣ በአካባቢው ያሉት ነርቮችም ከወትሮው የበለጠ ስሜተ ስስ ይሆናሉ። ቴዎዶር ሃፍ የተባለው አሜሪካዊ የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ በ1902 ይህን ዘግይቶ የሚመጣ ሕመም ከድካም ለይቶ፣ መነሻው በጡንቻው ውስጥ የሚፈጠር መቀደድ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጽፎ ነበር፤ ዝርዝሩ ከዚያ ወዲህ ብዙ ቢሻሻልም፣ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም ላክቲክ አሲዱ ላይ ተንጠልጥለን መቅረታችን ይገርመኛል። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው የመጀመሪያውን የእግር ልምምዱን ሠርቶ በሁለተኛው ቀን ሲወርድ ቢያዩት ነገሩ ይገባዎታል፦ የደረጃውን ብረት በሁለት እጁ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ በጎኑ አንድ አንድ እርከን ይወርዳል፤ ወደ ላይ ሲመለስ ግን እንደዚያ አይቸገርም። የሚያሰቃየው አሲድ ቢሆን ኖሮ ሲወጣም ሲወርድም እኩል ባሰቃየው ነበር።

ለጸሐፊው ፍትሕ ለማድረግ፣ ማሸት በጡንቻ ውስጥ ምንም አያደርግም ማለት አይደለም። በ2012 በታተመ አንድ ጥናት 11 ወጣቶች ብስክሌት ላይ እስኪዝሉ ድረስ ከሠሩ በኋላ አንዱ እግራቸው ለ10 ደቂቃ በእጅ ታሽቶ፣ ሌላው ሳይታሽ ቀርቶ፣ ከሁለቱም ጡንቻዎች ናሙና ተወስዶ ነበር። በታሸው እግር ውስጥ ከብግነት ጋር የተያያዙ አንዳንድ ምልክቶች ቀንሰው ተገኙ፤ የላክቴቱ መጠን ግን በማሸቱ አልተለወጠም። ስለዚህ የሠለጠነ እጅ እንኳ ያላደረገውን ጭመቃ ከአንድ ስፖንጅ መጠበቅ አይቻልም።

ሁለተኛው ነጥብ የቋጠሮው ጉዳይ ነው። ጡንቻን የሚያለብሰው ጠንካራ ሽፋን ፋሽያ ይባላል፤ ሥጋ ሲበልት ያየ ሰው በጡንቻው ላይ ተለጥፎ በቢላ ካልሆነ በእጅ የማይላጠውን ነጭ ገለፈት ያውቀዋል። ጸሐፊው ይህ ሽፋን ከልምምድ ብዛት ተጣብቆ እንደሚቋጠርና ሮለሩ እንደሚያላቅቀው ይነግሩናል። ነገር ግን በ2008 የታተመ አንድ የሒሳብ ሞዴል በእጅ ሕክምና ወቅት የተለያዩ ፋሽያዎች ምን ያህል ቅርጻቸውን እንደሚለውጡ ሲያሰላ፣ የጭኑን ፋሽያ አንድ በመቶ ብቻ ለመጭመቅና አንድ በመቶ ብቻ ወደ ጎን ለማንሸራተት ከ900 ኪሎ ግራም በላይ በሚመዝን ነገር የሚፈጠር ጫና፣ በዚያም ላይ የዚያን ግማሽ የሚያህል የጎን ግፊት እንደሚያስፈልግ አግኝቷል። በእኛ ቋንቋ ዘጠኝ ኩንታል ጤፍ ጭን ላይ ጭኖ የሚገኘው ለውጥ አንድ በመቶ ነው ማለት ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው፣ ያውም ግማሽ ክብደቱን በክርኖቹ ተደግፎ፣ በስፖንጅ ላይ ተንከባልሎ ፋሽያውን ሊያላቅቅ አይችልም። ሞዴል ሞዴል ነውና ቁጥሩን እንደ ቅዱስ ቃል አልወስደውም፤ ልዩነቱ ግን በጥቂት ኪሎዎች ስሕተት የሚታረቅ አይደለም።

«ታዲያ ያ የምነካው ጠንካራ ቦታ፣ ተንከባልዬበት ሲለቀኝ የሚሰማኝ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ሲነኩት የሚያም ቦታ መኖሩን አልክድም፤ ከማሸት በኋላ ሕመሙ መቀነሱም እውነት ነው። ለውጡ የሚከናወነው ግን በሽፋኑ ላይ ሳይሆን በነርቭ ሥርዓቱ ውስጥ እንደሆነ የሚጠቁም አንድ ያማረ ማስረጃ አለ። በ2015 በታተመ ሙከራ ተመራማሪዎች ባታቸው ላይ የሚያም ቦታ ያላቸውን ሰዎች ሕመም ለክተው፣ ለአንዳንዶቹ ያንኑ ባት፣ ለሌሎቹ ግን የሌላኛውን እግር ባት በሮለር አሹላቸው። የሕመም መቻል አቅሙ በሁለቱም ጨመረ። የቀኝ እግር ሲታሽ የግራው ሕመም ከቀለለ፣ በግራው እግር ላይ የተላቀቀ ቋጠሮ ሊኖር አይችልም፤ ማንም አልነካውማ። በዘርፉ ብዙ የሠሩት ተመራማሪዎች ዴቪድ ቤም እና ያን ቪልከ በ2019 የእነዚህን ጥናቶች ስብስብ መርምረው፣ ፋሽያ «ማላቀቅ» የሚለው ስያሜ ራሱ አሳሳች ነው ወደሚል መደምደሚያ ደርሰዋል።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትን አንድ ነገር ልጥቀስ። ሮለር ከልምምድ በፊት የመገጣጠሚያን እንቅስቃሴ ያሰፋል ብለዋል፤ ያሰፋል። በካናዳ ኒውፋውንድላንድ በሚገኘው ሜሞሪያል ዩኒቨርሲቲ የተሠራና በ2013 የታተመ ጥናት፣ የፊት ጭናቸውን ለአንድ አንድ ደቂቃ ሁለት ጊዜ ያሹ 11 ወንዶች ጉልበታቸውን የማጠፍ አቅማቸው ከሁለት ደቂቃ በኋላ በ10 ዲግሪ ገደማ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ በ8 ዲግሪ ገደማ ጨምሮ አግኝቷል፤ የጡንቻቸው ኃይልም አልቀነሰም። አንድን ጡንቻ ከአንድ ደቂቃ በላይ ስቦ መያዝ ኃይልን ለጊዜው ሊቀንስ ስለሚችል፣ ስኳት ከመጀመሩ በፊት ቁርጭምጭሚቱና ጭኑ ለሚያስቸግረው ሰው ሮለር መልካም አማራጭ ነው። ጸሐፊው ግን ከዚህ ተነሥተው ሮለር ሰውነት ማሟሟቅን ይተካል ማለታቸው ትክክል አይደለም፤ ስፖንጅ ላይ የተጋደመ ሰው ልቡ በፍጥነት አልመታም፣ ላብም አልወጣውም፤ በባዶ ብረት ጥቂት ዙር መሥራቱ ግድ ነው።

አሁን ወደ ቧንቧው እንምጣ፤ ይህን ምላሽ ለመጻፍ ያስነሣኝ እርሱ ነውና። ጽሑፉ እንባ የማያስመጣ ማሸት ጊዜ ማባከን እንደሆነ፣ የውሃ ቧንቧም ከስፖንጁ ይልቅ «ሥር ድረስ» እንደሚገባ ይመክራል። ጽሑፉ በተሰራጨ በሁለተኛው ሳምንት አብሮን የሚሠራ አንድ የ20 ዓመት ልጅ ቁምጣውን ከፍ አድርጎ ጭኑን አሳየኝ። ከጉልበቱ ትንሽ ከፍ ብሎ መዳፍ የሚያህል ቦታ በልዟል፤ መሐሉ የበሰለ ወይን መስሎ፣ ዳርዳሩ ወደ ቢጫነት መለወጥ ጀምሯል። ከቧንቧ ሠሪ የተረፈ ቁራጭ አግኝቶ፣ በአሮጌ ፎጣ ጠቅልሎ፣ ሦስት ሌሊት በተከታታይ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ተንከባሎበታል። ያሳየኝ እንዳዝንለት አልነበረም፤ ደስ ብሎት ነበር፤ ቋጠሮው እየወጣ መስሎታል። በፊተኛው ሳምንት 80 ኪሎ በስኳት ይሠራ የነበረው ልጅ የዚያን ዕለት 60 ኪሎ ይዞ ግማሽ መንገድ እንኳ ሳይወርድ ብረቱን ማሳረፊያው ላይ መለሰ።

የበለዘ ቦታ ማለት ጥቃቅን የደም ሥሮች ተበጥሰው ደም ወደ ሥጋ የፈሰሰበት ቦታ ነው። በልምምድ የተሰነጠቀ ጡንቻ ላይ ሌላ ጉዳት መጨመር ማገገም ሊባል አይችልም። «ካላመመ አልሠራም» የሚለው አነጋገር ደግሞ ተፈትኗል፤ በ2018 የታተመ አንድ ጥናት የፊት ጭንን በቀላል፣ በመካከለኛና በከፍተኛ ጫና አሽቶ ሲያነጻጽር፣ ጫናው መጨመሩ የእንቅስቃሴውን ስፋት የበለጠ አላሳደገውም። ስለዚህ እየተነፈሱና እያወሩ ሊታገሡት የሚችሉት ጫና ይበቃል። ጥርስ የሚያስነክስ ሕመም ሲመጣ ሰውነት ይኮማተራል፤ የተኮማተረ ጡንቻን እያሹ ማፍታታት ደግሞ በተዘጋ በር ለመግባት መታገል ነው።

የጭን ውጫዊ ጎንና የጉልበት ሕመም ጉዳይ ብዙ ቃል አያስፈልገውም። ከዳሌ እስከ ጉልበት በጎን የሚወርደው ጠፍጣፋ ጅማት በርዝመቱ ሁሉ ከጭኑ አጥንት ጋር የተያያዘ፣ እጅግ ጠንካራ ነገር ነው፤ በሮለር አይረዝምም፣ አይላላምም። ከላይ የጠቀስሁት የዘጠኝ ኩንታል ስሌት የተሠራውም ለዚሁ የጭን ፋሽያ ነው። በዚህ ቦታ ላይ ሲንከባለሉ ሰዎች የሚጮኹት ጅማቱ «ታስሮ» ሳይሆን፣ በሮለሩና በአጥንቱ መካከል የሚጨፈለቅ ስሜተ ስስ ክፍል ስላለ ነው። በስኳት ጊዜ ጉልበቱን የሚያመው ሰው በመጀመሪያ የሚያነሳውን መጠን፣ የሚወርድበትን ጥልቀትና የጨመረበትን ፍጥነት ይመርምር፤ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ ፊዚዮቴራፒስት ይየው።

ከሁሉም ይበልጥ አከራካሪ የሚሆነው፣ በየቀኑ ሮለር የሚጠቀም ሰው ያንኑ ጡንቻ በየቀኑ ማሠራት ይችላል የሚለው ነው። ጸሐፊው ለዚህ በ2015 የታተመ ጥናት እንዳለ ጠቁመዋል፤ የትኛው እንደሆነ ባይገልጹም ፒርሲ የተባለው ተመራማሪና የባልደረቦቹ ጥናት እንደሚሆን እገምታለሁ፤ ጥናቱም በጥሩ ሁኔታ የተሠራ ነው። ስምንት ወንዶች አንድ ጊዜ ብቻ ሊያነሱት ከሚችሉት ክብደት 60 በመቶውን ይዘው 10 ዙር፣ በእያንዳንዱ ዙር 10 ስኳት ሠሩ፤ አንድ ጊዜ ያለ ሮለር፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ወዲያውኑ፣ ከ24 ሰዓትና ከ48 ሰዓት በኋላ ለ20 ለ20 ደቂቃ በሮለር እየታሹ። ሲታሹ የጡንቻቸው ሕመም ቀነሰ፤ እንደ ሩጫና ዝላይ ባሉ መለኪያዎችም የደረሰባቸው መቀነስ ለዘብ አለ። ይሁንና የተሳታፊዎቹ ቁጥር ስምንት ነው፤ የሚታሽ ሰው እየታሸ መሆኑን ማወቁ ደግሞ አይቀርም። በመድኃኒት ሙከራ ለአንዱ እውነተኛውን፣ ለሌላው አምሳያውን ክኒን መስጠት ይቻላል፤ አሳማኝ አምሳያ ሮለር ማዘጋጀት ግን አስቸጋሪ ነው። «ይህ ይጠቅምሃል» ተብሎ ለ20 ደቂቃ የታሸ ሰው ሕመሙን ሲጠየቅ፣ መልሱ ውስጥ ተስፋው ይገባል።

አንድን ጥናት ብቻ ይዞ ከመከራከር ይልቅ ብዙዎቹን አንድ ላይ ማየት ይሻላል። በ2019 ቪቨልሆቨና ባልደረቦቹ 21 ጥናቶችን አጠናቅረው ሲመረምሩ፣ ከልምምድ በኋላ የተደረገ ማሸት የጡንቻን የሕመም ስሜት በ6 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ፣ በጥንካሬ ላይ የሚደርሰውን መቀነስ በ3.9 በመቶ፣ በአጭር ሩጫ ላይ የሚደርሰውን ደግሞ በ3.1 በመቶ ገደማ እንዳለዘበ አግኝተዋል። ራሳቸው ተመራማሪዎቹ ውጤቱን በአብዛኛው አነስተኛ ብለውታል። ባዶ ነው አላልሁም፤ ስድስት በመቶ ለተሳሰረ ሰው ስድስት በመቶ ነው። እንዲያውም ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚያጠናቅር ተቋም በ2011 ያወጣው ግምገማ ከልምምድ በኋላ ጡንቻን መሳሳብ (ስትሬቺንግ) እስከ 100 ነጥብ ባለው መለኪያ ላይ ሕመምን የሚቀንሰው በአንድ ነጥብ ገደማ ብቻ እንደሆነ ስላገኘ፣ ሮለር ከመሳሳብ ይሻላል የሚለው የጸሐፊው አስተያየት ሳያስኬድ አይቀርም። ነገር ግን ሕመምን በጥቂቱ የሚያቀልል ነገር የዕረፍት ቀንን አይሰርዝም። ሕመሙ ሲቀልለው ጡንቻው የተጠገነ መስሎት ከባድ ክብደት የሚጭን ሰው፣ የመኪናውን የማስጠንቀቂያ መብራት በፕላስተር ሸፍኖ መንገዱን እንደሚቀጥል ሾፌር ነው።

ሌላም ነገር አለ። ስሜቱ ሲቀንስ ዕድገቱ ይፋጠናል የሚለው የጽሑፉ ግምት ራሱ ያልተረጋገጠ ነው፤ እንዲያውም በሌላ የማገገሚያ ዘዴ ተቃራኒው ታይቷል። በ2015 በታተመ የ12 ሳምንት ጥናት፣ ከክብደት ልምምድ በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተነከሩት ሰዎች ቀላል እንቅስቃሴ ብቻ ካደረጉት ይልቅ ጡንቻቸውም ጥንካሬያቸውም ያደገው በትንሹ ነበር። ሮለር እንዲህ ያደርጋል ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ማድረጉን የሚያሳይ ነገር አላየሁም። የምለው ሕመምን ማጥፋትና ጡንቻን ማሳደግ በአንድ ገመድ የተያያዙ አይደሉም ነው። ለመሳሰር የተሻለው መድኃኒት ልምምዱ ራሱ ነው፦ ያንኑ እንቅስቃሴ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት የሠራ ሰው ሮለር ቢኖረውም ባይኖረውም ሕመሙ በግልጽ ይቀንስለታል፤ ጡንቻው ለምዷልና። ለዚህ ነው ጀማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ሦስት ዙር ብቻ ሠርቶ እንዲሄድ የምወተውተው።

ጽሑፉ ስለ እንቅልፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አለው፤ ስለ ምግብ ምንም የለውም። በ2018 የታተመና 49 ጥናቶችን ያጠናቀረ ትንተና፣ ክብደት ለሚያነሳ ሰው የጡንቻ ዕድገት የፕሮቲን ጥቅም በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.6 ግራም አካባቢ ሲደርስ ጭማሪው እንደሚያቆም አግኝቷል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 112 ግራም ገደማ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ፣ 100 ግራም የበሰለ ምስር ደግሞ 9 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። 55ቱን የዐቢይ ጾም ቀናት ያለ እንቁላልና ያለ ወተት የሚያሳልፍ አንሺ፣ ሮለሩ ላይ ከሚያጠፋው ግማሽ ሰዓት ላይ ዐሥር ደቂቃ ቀንሶ ሽሮው፣ ምስሩና ባቄላው ወደዚያ ቁጥር ያደርሰው እንደሆነ ቢደምር፣ ማገገሙን የሚወስነው ነገር የት እንዳለ ያገኘዋል።

ስለ ወጌሻው ጸሐፊው ያነሡት ነገር ደስ አሰኝቶኛል፤ የተያያዘበት መንገድ ግን አላሳመነኝም። ከቡድኑ ጋር ሜዳ የሚገባውን የእግር ኳስ ወጌሻ ያየ፣ ወይም እግሩ ወለም ብሎት ሰፈር ውስጥ የታሸ ሰው ልዩነቱን ያውቃል። ወጌሻው ከማሸቱ በፊት ይጠይቃል፤ አውራ ጣቱን ቀስ አድርጎ ያሳልፋል፤ ፊትዎ ሲጨማደድ አይቶ እጁን ያላላል፤ የተሰበረ ከመሰለው ቦታውን አይነካም፣ ወደ ሐኪም ይልካል። ሁሉም እንዲህ ነው አልልም፤ ስብራትን አሽተው ያባባሱ እንዳሉ ሆስፒታሎች ያውቁታል። ጥሩው ግን የሚያስተውል እጅ አለው። ሮለር አያስተውልም። በ2018 ልዩ ልዩ የማገገሚያ ዘዴዎችን ያወዳደረ ሰፊ ትንተና መሳሰርንና የድካም ስሜትን በመቀነስ በእጅ መታሸትን ከሁሉ ቀዳሚ አድርጎታል፤ ይህ ለወጌሻው ምስክር ይሆናል፤ ለስፖንጁ ግን በቀጥታ አይተላለፍም።

ጸሐፊውን ሁለት ነገር እንዲያርሙ በአክብሮት እጠይቃለሁ። አንደኛው የቧንቧው ምክር ነው፤ ከጽሑፉ ቢወጣ ደስ ይለኛል፤ በምትኩ ለእያንዳንዱ ጡንቻ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ፣ ለስለስ ባለ ስፖንጅ፣ ከጎድን አጥንት በታች ባለው የወገብ ክፍልና በአጥንት ላይ ሳይጫኑ የሚል ቢገባ። ደም ለሚያቀጥን መድኃኒት ተጠቃሚ፣ በእግሩ ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ለሚያውቅ ወይም ስብራት ለጠረጠረ ሰው ደግሞ ሐኪም ሳይጠይቅ እንዳይጀምር ቢጻፍ። ሁለተኛው ማንኛውም የጡንቻ ሕመም በሮለር ይታከማል የሚለው የመዝጊያ አንቀጽ ነው። አንዳንድ ጊዜ፣ በተለይ ከረጅም ዕረፍት በኋላ ያለልክ የሠራ ሰው ላይ፣ ጡንቻ ክፉኛ ተጎድቶ ይዘቱ ወደ ደም ይፈስሳል፤ ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። ምልክቶቹ ከተለመደው መሳሰር እጅግ የበረታ ሕመምና እብጠት፣ ክንድን ወይም እግርን ማንቀሳቀስ ማቃት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እንደ ኮካ ኮላ የጠቆረ ሽንት ናቸው። ይህን ያየ ሰው ሮለሩን ጥግ ላይ ትቶ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መሄድ አለበት፤ ጽሑፉም ይህን ሊነግረው ይገባል።